ጥላ፣ ወንበርና ሐውልት፦ የልጅ ልጆቻችንን የት እንውሰዳቸው?

«አደባባይ» በአማርኛችን ሰፊ ቃል ነው። «አደባባይ የዋለ» ሲባል ዳኝነት ያየ፣ ንግግር የሚችል፣ በሰው ፊት ቆሞ የማያፍር ሰው ማለት ነበር። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር የአደባባይ ምስጢር እንለዋለን። መስቀልና ጥምቀት የአደባባይ በዓላት ናቸው። ለዛሬ ልጆች ግን አደባባይ ማለት በአብዛኛው መኪና የሚዞርበት ክብ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ሆኖ «አደባባዩ ጋ ወራጅ አለ» ከማለት ብዙም አያልፍም።

ይህን ያነሣሁት አዲስ አበባ አደባባዮቿን እንደ አዲስ እየሠራች በመሆኗ ነው። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ተከፈተ። በዓመቱ ማብቂያ ወዳጅነት አደባባይ ተመረቀ። በ2013 የእንጦጦ ፓርክ ተከተለ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ መስቀል አደባባይ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለት እንደገና ለሕዝብ ክፍት ሆነ። በየካቲት 2016 ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ የኮሪደር ልማቱ መንገድ እያሰፋ፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ እያነጠፈ፣ ፏፏቴና መብራት እየተከለ ከሰፈር ሰፈር ተሻገረ። ስለ ውበቱም፣ ስለ ወጪውም፣ ስለ ፈረሱት ሰፈሮችም ሁሉም የየራሱን ይላል። እኔ አርክቴክት አይደለሁም። ዕድሜዬን በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ የልጅ ልጆች ያሉኝ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ጥያቄዬም የነርስ ጥያቄ ነው። ጉልበቷን የሚያማት የሰባ ዓመት ሴት የአምስት ዓመት የልጅ ልጇን ይዛ ብትወጣ፣ ምንም ሳትገዛ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ሲያስፈልጋት ሽንት ቤት አግኝታ፣ ሁለት ሰዓት መቆየት ትችላለች ወይ?

ጥያቄው ተራ ይመስላል። ነገር ግን በአደባባይ የቆመ ሐውልት ለልጅ የሚገባው አጠገቡ ተቀምጦ የሚነግረው ሰው ሲኖር ነው። በመኪና መስኮት እያለፉ ያዩት ሐውልት ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ወንበር ከሌለ አያት አትቀመጥም፤ አያት ካልተቀመጠች ደግሞ ታሪኩን የሚነግር የለም። መንግሥትም ሆነ አርቲስቱ ሐውልቱን ሊያቆሙ ይችላሉ፤ የቀረው ሥራ የእኛ የቤተሰቦች ነው፤ ለዚያ ሥራ ደግሞ መቀመጫ ያስፈልጋል።

ሐውልት ሲሄድና ሲመለስ

በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ሐውልት ቋሚ ነገር እንዳልሆነ በዓይኑ አይቷል። የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ሲወርድ በቦታው የነበሩ ብዙዎች ዛሬ አያቶች ናቸው። ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የቆመው በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ጥቂት ዓመታት እንደቆየ ጣልያን ገብቶ ከቦታው አንስቶ ሰወረው፤ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ለገሀር ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ደግሞ እስከ ሮም ድረስ ተወስዶ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው አገሩ የገባው። በሐምሌ 1928 ጣልያኖች የገደሏቸው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በእኛው ጊዜ፣ ለቀላል ባቡሩ ሥራ ሲባል በ2005 ተነሥቶ በ2008 ወደ ቦታው ተመልሷል። ባዶውን ቦታ አይቶ «የት ሄዱ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ያኔ ጥሩ ትምህርት አግኝቷል። ሐውልት የሚያቆመውም የሚያነሣውም ሰው መሆኑን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም።

ልጆች የሚወዱት ግን ሌላ አንበሳ ነው፤ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው። ይህን የድንጋይ አንበሳ የሠራው ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ ሲሆን፣ የቆመውም ለንጉሠ ነገሥቱ የኻያ አምስተኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል በ1948 ዓ.ም. ነው። ልብ ብላችሁ እዩት፤ እንደ ለገሀሩ ጡንቻና ጸጉር ያለው የእውነት አንበሳ አይመስልም። ማዕዘን ማዕዘን ተደርጎ የተጠረበ ነው። የልጄ ልጅ «በሌጎ የተሠራ አንበሳ» ይለዋል፤ እውነቱን ነው። በዚያ ዘመን ይህ አዲስ ሥነ ጥበብ ነበር። ዛሬ ሰው ተቃጥሮ የሚገናኝበት ምልክት ሆኖ ስለለመድነው እንግዳነቱን ረስተነዋል። «ዘመናዊ ሥዕል አይገባኝም» ለሚሉ የዕድሜ እኩዮቼ ሁልጊዜ የምጠቅሰው ይህንን አንበሳ ነው።

መስቀል አደባባይን ደግሞ እንውሰድ። በደርግ ዘመን ስሙ አብዮት አደባባይ ነበር። መስከረም 2 ሲደርስ ሰልፍ አለ፤ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ትልልቅ ሥዕሎች ይሰቀላሉ። እኔ ያኔ የነርስነት ተማሪ ነበርኩ። ከመጀመሪያ ዕርዳታ ሰጪዎች ጋር ተመድበን፣ በፀሐይ ራሳቸውን የሚስቱትን ከሰልፉ መሐል ደግፈን እናወጣ ነበር። ውኃ የለም፣ ጥላ የለም። ቦታው የሕዝብ ይባል እንጂ ሰው የሚመጣው ስሙ ተይዞ፣ የቀረም ተጠይቆ ነበር። ከዚያ ስሙ ወደ መስቀል ተመለሰ። ደመራው ይበራበታል፤ ከ1994 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚያ ነው፤ ኢሬቻ በመስከረም 2012 ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ሕዝቡ በዚያው አካባቢ አክብሮታል፤ በረመዳን የጎዳና ኢፍጣር ተዘርግቶበታል። በአዘቦቱ ቀን ደግሞ ገና ሳይነጋ ደረጃውን የሚወጡና የሚወርዱ ሯጮች፣ ወፍራም ነጋዴዎችና የስኳር ሕመም ያለባቸው እናቶች አሉ። በሰልፉ ዘመን ያየሁትን ጎትቶ ማምጣት ሳይሆን በፈቃዱ የመጣ ሰው በማየቴ ደስ ይለኛል።

አዲሱ መስቀል አደባባይ ሰፊና ንጹሕ ነው። እንደ ነርስ ግን ሁለት ነገር ልበል። ጥላው ትንሽ ስለሆነ ልጅም ሽማግሌም ይዛችሁ ስትሄዱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሁን። ደረጃው ለልብ ጥሩ ነው፤ ለጉልበት ግን መውረዱ ከመውጣቱ ይከብዳል፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ፣ ሰያፍ እየረገጣችሁ ውረዱ። በየመንገዱ ዳር የተነጠፈው ለስላሳ ንጣፍም ዝናብ ሲነካው የሚያንሸራትት ቦታ አለው። ዕድሜ በገፋ ሴት ላይ የዳሌ አጥንት ስብራት ምን እንደሚያስከትል ሆስፒታል የሠራ ሰው ያውቃል፤ ብዙዎቹ እንደ ቀድሞው አይራመዱም። በክረምት ከሥሩ ሸካራ የሆነ ጫማ አድርጉ።

የጭቃ ቤቶቹና የስልክ አንጀት

መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ያላያችሁ ካላችሁ እዩት። በ2011 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። የሠሩት ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ እና የዐውደ ርዕይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ናቸው። ቦታው ቀድሞ በቆሻሻና በፍሳሽ የተበከለ ነበር። ሕንፃዎቹ አያቶቻችን ቤት በሠሩበት በጭቃና በጭድ ነው የቆሙት፤ ግድግዳው ላይ ግን የተለያየ ቅርጽ ወጥቶበታል፤ አንዱ እንደ ማዕበል፣ አንዱ እንደ ሰፌድ ስፌት ይመስላል። የአትክልት ቦታ አለ፤ ላሞች አሉ፤ የሕፃናት ትምህርት ቤትም በውስጡ አለ። የገጠር ልጅነት ያለን ሰዎች እዚያ ስንገባ ለልጆቹ የምንናገረው አናጣም። ጭቃው እንዴት እንደሚቦካ፣ ጭዱ ለምን እንደሚገባ፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ምን እንደሚደረግ እነርሱ አያውቁም፤ እኛ እናውቃለን። በሌላ ሙዚየም አስጎብኚው ይናገራል፣ አያት ዝም ትላለች። እዚህ ግን ተናጋሪዋ እርስዋ ናት።

የኤልያስ ስሜ ሥራዎች ዛሬ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሳይቀር ይገኛሉ። ዕቃው ግን የመርካቶ ነው፦ የተሰባበረ ኮምፒዩተር ሰሌዳ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኪቦርድ ቁልፍ፣ የልብስ ቁልፍ። ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን ላይ የታየ ማሳ ወይም ከተማ ይመስላል፤ ሲጠጉት የስልክና የኮምፒዩተር አንጀት ነው። ልጆች ይህን ከእኛ ቀድመው ይረዱታል። እኔ የምመክረው ሥዕል ፊት ስትቆሙ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ አትጠይቋቸው፤ ልጁ ፈተና ይመስለውና ዝም ይላል። «ምን ይታይሃል?» በሉት፤ ከዚያ «ከምን የተሠራ ይመስልሃል?» ሌላው በራሱ ይመጣል። (በነገራችን ላይ ልጆቹ ይህን አይተው ቤት ሲገቡ የተሰበረ ስልክና ቴሌቪዥን መፈታታት ካማራቸው አትፍቀዱላቸው። የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ ውስጥ እርሳስን የመሰሉ መርዘኛ ብረቶች አሉ፤ እጁን ወደ አፉ ለሚወስድ ትንሽ ልጅ አደገኛ ነው። ካርቶን፣ ቁልፍና ክር ስጧቸው።)

ስድስት ኪሎ አካባቢ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል አለ። ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልዶ ጀርመን የተማረ፣ ሰውና ዛፍ የማይታይበትን ረቂቅ ሥዕል ለአገራችን ካስተዋወቁት መሪው ነው፤ ገጣሚም ነበር። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አስተምሯል። የዛሬዎቹ ሠዓሊዎቻችን፣ ኤልያስን ጨምሮ፣ ከዚያው ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው።

የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ግን ሌላ ችግር አለበት። አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው ይህ ሥራ በሦስት መስኮት የተከፈለ ነው፤ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ የትግሉን ጊዜና የወደፊቱን ተስፋ ያሳያል። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው። አዳራሹ በ1953 ተመርቆ፣ በግንቦት 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚያ ነው። ከከተማዋ ሥዕሎች ሁሉ ለልጅ ባሳይ የምመርጠው እርሱን ነበር። ነገር ግን ያለው በተባበሩት መንግሥታት ቅጥር ውስጥ ነው፤ በፈቃድና በፍተሻ እንጂ «ና እንሂድ» ብሎ እሑድ ጠዋት የሚገባበት አይደለም። ትምህርት ቤቶች በቡድን ጠይቀው ሊወስዷቸው ይገባል። የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ይህን አንሡ።

«ማዘር፣ ይሄ የካፌው ነው»

ስሙን የማልጠራው አንድ አዲስ መናፈሻ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ከልጄ ልጅ ጋር ትንሽ ሄደን ደከመኝና ጃንጥላ የተዘረጋለት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ትሑት ወጣት ጥበቃ መጣ። «ማዘር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ የካፌው ነው። የሚያዝዙ ከሆነ ይቀመጡ» አለኝ። ዋጋውን ጠየቅኩ፤ ለሁለት ጁስ የተጠራልኝ ገንዘብ ቤቴ ለሦስት ቀን ሽሮ ይበቃል። ልጁ ተነሺ አላለኝም፤ የታዘዘውን ነው የሠራ። ነጻው ወንበር ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ነበር፤ ከብረት የተሠራ፣ የሰባት ሰዓት ፀሐይ ያረፈበት። የልጄ ልጅ ቁጭ ብሎ ወዲያው ዘሎ ተነሣ።

የመግቢያ ክፍያ ያለባቸው ፓርኮች ሲያስከፍሉ ለጥገናና ለጽዳት እንደሆነ ይገባኛል። ያልተጠበቀ ቦታ ምን እንደሚሆን አይተናል፤ በቀድሞው ጊዜ ስንቱ መናፈሻ አጥር ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ነገር ግን አባት፣ እናት፣ አያትና ሦስት ልጆች ሲቆጠሩ ትኬቱና የታክሲው ተደምሮ በወር አንድ ጊዜም ይከብዳል። ለልጅ ጤና ደግሞ በወር አንድ ጊዜ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በየቀኑ ቢያንስ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ለእኛም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ። ከቤት ውጭ በቀን ብርሃን የሚቆዩ ልጆች ዓይናቸው ቅርብ ብቻ የማየት ችግር የመያዝ ዕድሉ እንደሚቀንስም በጥናት ታይቷል። ይህ ሁሉ ከቤት በእግር የሚደረስ፣ የማይከፈልበት ቦታ ይፈልጋል። የኮሪደር ልማቱ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይኸው ነው፤ ሰፊው የእግረኛ መንገድ ትኬት የለውም። ማታ ማታ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ መብራቱ ሥር ሲንሸራሸር ሳይ ከተማዋ ያማረባት ይመስለኛል።

ሽንት ቤት ነገር ደግሞ ያሳፍራል ተብሎ አይነገርም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቶሎ ቶሎ ይሸናል። የደም ግፊት መድኃኒት ከሚወስዱት ብዙዎቹ ጠዋት የሚያሸና ክኒን አላቸው። ፕሮስቴት ያስቸገራቸው አባቶች አሉ። በሥራ ዘመኔ «መድኃኒቱን ዛሬ ለምን አልወሰዱም?» ስል የምሰማው መልስ ብዙ ጊዜ «ከቤት የምወጣበት ቀን ነው» የሚል ነበር። ስለዚህ የመንገድ ሽንት ቤት መኖሩ፣ መኖሩ ብቻ ሳይሆን ክፍት መሆኑና ውኃ ያለው መሆኑ፣ አንድ አዛውንት መድኃኒቱን ሳይተው አደባባይ የሚወጣበት ነገር ነው።

ያልተሠራው ሜዳና የጠፋው ደጃፍ

ጃንሜዳ ላይ ፏፏቴ የለም። ሜዳ ነው። ጥምቀት ይከበርበታል፤ የገና ጨዋታ ይጫወቱበታል፤ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። በሚያዝያ 2012፣ ኮሮና ሲገባ፣ የፒያሳው አትክልት ተራ መጨናነቅን ለመቀነስ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። በጤና በኩል ምክንያቱ ትክክል ነበር፤ የድሮው ገበያ ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚተሻሽበት ነበር። ክረምቱ ሲመጣ ግን ሜዳው ጭቃና የበሰበሰ ጎመን ሆነ። የ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው ተነሥቶ፣ ሰው በዘመቻ ወጥቶ ሜዳውን አጸዳ። አንድ ባዶ ሜዳ በአንድ ዓመት ውስጥ ገበያም ታቦት ማደሪያም ሆነ። የከተማ ንድፍ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሁሉን ነገር በሰሌዳና በአበባ ባይሞሉት ደስ ይለኛል። ባዶ ቦታ ለልጅ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ምን እንደሚጫወትበት የሚወስነው ራሱ ነው።

ስለ ፈረሱት ሰፈሮች ሳልናገር ብቀር ሐቀኛ አልሆንም። ድሮ አያቶች አደባባይ የሚወጡት ደጃፋቸው ላይ በመቀመጥ ነበር። ዱካ ይወጣል፤ ቡና ይፈላል፤ አላፊው ሰላም ይላል፤ ልጁ ሲሮጥ አሥር ዓይን ያየዋል። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም የገቡ አዛውንቶች ቤታቸው ውኃና ሽንት ቤት አለው፤ ድሮ ያልነበራቸው ነገር ነው። ደጃፍ ግን የላቸውም። አንዲት የማውቃቸው እናት አራተኛ ፎቅ ደርሷቸው በሳምንት አንድ ቀን በአውቶቡስ ወደ ፒያሳ ይመጣሉ። ዘመድ የላቸውም እዚያ፤ ጎረቤቶቻቸውም ተበትነዋል። ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ የድሮ የዕድር ሰዎቻቸውም በዚያው ቀን ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። ግፊታቸውን ስለካላቸው በዚያ ቀን ከሌላው ቀን ዝቅ ይላል። ይህ የእኔ ትንሽ ትዝብት ነው እንጂ ጥናት አይደለም፤ ብቸኝነት ግን ልብንም አእምሮንም እንደሚጎዳ በሕክምናው የታወቀ ነው።

እኒህ እናት ሳያውቁት ያሳዩኝ ነገር አለ። ነጻ ወንበር፣ የቆየ ዛፍ፣ ውኃና ሽንት ቤት ያለው፣ «የሚያዝዙ ከሆነ» የማይባልበት ቦታ በከተማችን ሲፈለግ አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ግቢ ነው። ለአዳዲሶቹ ፓርኮች ንድፍ የሚሠራ ወጣት አንድ ቀን እዚያ ቁጭ ብሎ ሰው የት እንደሚቀመጥ ቢያይ ብዙ ይማራል። የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ ለልጆች የተተወው ቦታ ቀስ በቀስ የመኪና ማቆሚያ እየሆነ ከሆነ፣ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ዝም አትበሉ። ሁለት መኪና የሚያህል ቦታ ለአንድ ዛፍና ለሦስት አግዳሚ ወንበር ይበቃል።

ከባዱን ታሪክ እንዴት እንንገራቸው?

አንዳንድ ወላጆች «የሰማዕታት ሐውልት ጋ ልጅ ይወሰዳል እንዴ?» ብለው ይጠይቁኛል። ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ዙሪያውን የነሐስ ቅርጽ አለው፤ የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች በከተማው ሕዝብ ላይ ያደረሱትን ጭፍጨፋ ያሳያል። የሠሩት አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ ከዩጎዝላቪያ የመጡ ቀራፂዎች ናቸው። የወደቁ ሰዎች ይታያሉ። መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ደግሞ ከዚህም ይከብዳል፤ የሰው አጽምና የተገደሉ ወጣቶች ፎቶግራፍ አለበት። ሁለተኛውን ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አልመክርም። ውጭ ያለውን የሦስት ሴቶች ሐውልት አሳይታችሁ «ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች መታሰቢያ ነው» ማለት ለትንሽ ልጅ ይበቃል።

የስድስት ኪሎውን ግን አምስት ስድስት ዓመት ከሞላው ጀምሮ መውሰድ ይቻላል። የማትነግሩትን ነገር ቀድማችሁ ወስኑ። ትንሽ ልጅ የሚፈራው ስለ ጥንቱ ሳይሆን «አሁንም ይመጣሉ ወይ?» ብሎ ነው፤ ስለዚህ ከጥያቄው በፊት ያለፈ መሆኑን ንገሩት። የጠየቃችሁን ብቻ መልሱ፤ ያልጠየቀውን አትጨምሩ። የተረፉትን፣ የሸሸጉትን፣ ቁስለኛ ያከሙትን ሰዎች ጨምራችሁ ንገሩት፤ ልጅ በታሪክ ውስጥ ሲረዳ የሚታይ ሰው ይፈልጋል። ማታ ሊተኛ ሲል አታንሡበት። ሌሊት ከባነነ ወይም አልጋ ማርጠብ ከጀመረው ለጥቂት ጊዜ ተዉት፤ ሳምንታት ካለፉ የጤና ባለሙያ አማክሩ። በራሳችሁ ቤት የሞተ ሰው ካለ፣ በተለይ በቀይ ሽብር፣ እንባችሁ ቢመጣ አትደንግጡ። «ወንድሜን አስታውሼ ነው» በሉት። የአያቱን እንባ ምክንያት የሚያውቅ ልጅ አይታወክም፤ የሚያውከው ሳይነገረው ሲቀር ነው።

የሚቀጥለው የካቲት 12 ሲደርስ ስድስት ኪሎ ለመሄድ ካሰባችሁ ማለዳ ድረሱ። አርበኞች ልብሳቸውን ለብሰው፣ አንዳንዶቹም ጎፈር ደፍተው ይመጣሉ፤ አበባ ይቀመጣል፤ ሰውና መኪና ስለሚበዛ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ኮፍያ፣ ውኃና የሚታጠፍ ትንሽ መቀመጫ ያዙ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ሳትበሉ አትውጡ፤ በቦርሳችሁ ሁለት ከረሜላ ይኑር፤ አንዱ ለእናንተ ሲሆን ሌላው ደግሞ መቆም ሰልችቶት እጃችሁን መጎተት ለሚጀምረው ልጅ ነው።